ዳግመኛ አይመለስም ያልኩት

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የስድስት መስኮት መጋረጃ ጨረስኩ። ሴትዮዋ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ ብላለች፤ የእሷ ነገ መቼ እንደሆነ ጌታ ይወቀው። ራዕይ ከትምህርት ቤት መጣች፣ ዳቦ በሻይ በላች፣ የቤት ሥራዋ ላይ ተኛች። አልቀሰቀስኳትም።

ነገሩ ጠዋት ነው። ቀሚስ ልለብስ አንድ እግሬን አነሳሁ... መጣ። ከፊት፣ ከታች፣ አጥንቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስል። የስፌት ማሽኑን ይዤ ቆምኩ። እስኪያልፍ ቆጠርኩ። አርባ ደረስኩ።

ብርድ ነው አልኩ። ትናንት የማሽኑን ፔዳል ስረግጥ ውዬ ነው አልኩ። ከዚያ ሌላኛውን እግር አነሳሁ። ያው እሱ። ሰባት ዓመት አልፎትም ወዲያው አወቅኩት። ራዕይን ሳረግዝ የነበረው ነው።

ስድስት ወር ከሞላኝ ገና ሁለት ሳምንቴ። ሁለት ወር ተኩል ይቀረኛል ማለት ነው... በዚህ እግር?

ለማንም አልናገርም። «በአፍሽ ከያዝሽው ይይዝሻል» ይላሉ የእህቶች ጸሎት መሪያችን እትዬ ከበደች። በዚህ በልብስ መለኪያ ደብተሬ ጀርባ ግን ጻፍኩት። መጻፍ መናገር ነው እንዴ? እንጃ። የሚያነበው የለም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

አምልኮው አንድ ሰዓት ሞላ። ሁሉም ቆሟል። ሰው ሁለት እጁን ሲያነሳ እኔ በአንድ እጄ ብቻ አመሰገንኩ፤ ሌላው የፊተኛውን ወንበር ይዞ ነበር።

ብቀመጥስ? እርጉዝ ናት ብለው ያልፉኝ ነበር። ሌላ ሴት ብሆን። እኔ ግን ሚሚ ነኝ። በአዳራሹ ሁለት ሚሚ ስላለን ሌላዋ «የኳየሯ ሚሚ» ናት፣ እኔ «አጥንቷ የተፈወሰው ሚሚ»።

ራዕይ ሦስት ወር ሲሆናት ነው መድረክ ላይ ወጥቼ የመሰከርኩት። «ጌታ አጥንቴን ገጠመው! ዳግመኛ አይመለስም!» አልኩ። ፓስተሩ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ጭራሽ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ሦስት ጊዜ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

አልዋሸሁም እኮ። አራት ወር ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት፣ በወለድኩ በሦስት ሳምንቴ ልጅ አቅፌ ደረጃ ወጣሁ። እትዬ ከበደች ስንት ቀን ጾመውልኛል። ግን «ዳግመኛ አይመለስም» ያለው ማነው? ጌታ ነው ወይስ እኔ? ደስ ብሎኝ ነበር፣ አፌ አላርፍ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ባመማት ቁጥር ወደ እኔ ነው የሚልኳት።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ አልመጣም፣ ተመስገን... ብዬ ሳልጨርስ የወደቀ መቀስ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ባሮክ ደወለ። ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው፤ ከመንገድ ሥራው ካምፕ ሃያ ደቂቃ በእግሩ ይወጣል፣ ሲያወራ ያለከልካል። እነሱ ያሉበት ሚዛን በኩል ዝናቡ አላቆመም፣ ሮለሩ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፣ እረፍት ተሰርዟል። እስከ ገና አይመጣም።

«ያ ነገርሽስ? አልተመለሰም አይደል?»

«ኧረ! ምን ይመልሰዋል?»

«ተመስገን። እኔ እዚህ ሆኜ እሱን ብቻ ነው የምፈራው።»

እንዴት ብዬ ልንገረው? እዚያ ጉብታ ላይ ቆሞ ምን ሊያደርግልኝ ነው? ... ይህ ሰበብ ነው። የነገርኩት እንደሆነ ለእናቱ ይነግራል፣ እናቱ ለእትዬ ከበደች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንባዬን የጠረግኩት በሰው መጋረጃ ነው፤ አጠብኩት ደግሞ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

የእህቶች ጸሎት ተራው የእኔ ቤት ነበር። ተራ የምንቀባበለው አራት ቤት ነን፣ በየአራት ሳምንቱ ይደርሰኛል። እንዳይታወቅብኝ ቀድሜ ሁሉን አቀራርቤ ተቀመጥኩ። ሲገቡም አልተነሳሁም፣ «ልጁ ከበደኝ» ብዬ ሳቅኩ። ሳቁልኝ።

እትዬ ከበደች አንዲት ልጅ ይዘው መጡ። ጫልቱ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከሆለታ በኩል ነው የመጣችው፣ ቀራንዮ አንድ ክፍል ተከራይተው ከባሏ ጋር ይኖራሉ፣ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ስትቀመጥ ሳያት አወቅኩ። ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ ብላ... ልክ እንደ እኔ።

«ሚሚዬ፣ እንዳንቺው ነው ያደረጋት። አንቺ ያለፍሽበት ነው፣ እጅሽን ጫኚባት» አሉ እትዬ ከበደች።

ጫንኩባት። ጸለይኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት አልተንቀጠቀጠም?

ሲወጡ ጫልቱ ወደ ኋላ ቀረች። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጤና ጣቢያው ለፊዚዮቴራፒ ሪፈር ጽፎላታል፣ ልብስ ማጠቡንም ለጊዜው አቁሚ ብለዋታል።

«እህት ሚሚ፣ እርስዎ ሐኪም ጋ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም።»

«እኔስ ልሂድ?»

እትዬ ከበደች በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያደርጋሉ። ይሰማሉ። «እንደ እምነትሽ» አልኳት።

እንደ እምነትሽ! ምን ማለት ነው እሱ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደረጃው አቃተኝ። መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ። በጎን ወረድኩ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ግራ ቀኝ አይቼ ቁጭ አልኩና እየተንፏቀቅኩ ቀጠልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ታች ደርሼ ቀና ስል ዙሀራ። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ፣ ሱቋን እየጠረገች። መጥረጊያዋን ይዛ ታየኛለች።

«ደረጃውን በቀሚስሽ እየወለወልሽ ነው እንዴ? የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ የጽዳት ቅጥር አግኝተሽ ነው?»

ልስቅ ስል እንባዬ መጣ። ሱቋ ውስጥ አስገብታ ሣጥን ላይ አስቀመጠችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። ከመድረኩ ዝላይ ጀምሮ። ለዙሀራ መንገር አይቆጠርም ብዬ ነው መሰለኝ... የእኛ አዳራሽ ሰው አይደለችም።

«ኢብራርን ሳረግዝ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ባለቤቴ ሱቅ በሸክም ነበር የሚያስገባኝ። ዳሌዬን በሻርፕ ጥፍንግ አድርጌ ነው የወለድኩት» አለች። ከዚያ ደግሞ «ይሄን ያህል የምትደብቂው ሰርቀሽ ነው?» አለችኝ።

«አላህ ያግራልሽ» ብላ ይዤው የወረድኩትን ጨርቅ ተሸክማልኝ ሦስት ፎቅ መልሳ ወጣች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እትዬ ከበደች ስልክ ደውለው ራዕይ አነሳች። «እማዬ ደህና ናት፣ እየሠራች ነው» አለቻቸው። አልጋ ላይ ነበርኩ፣ መገልበጥ አቅቶኝ። ዘግታ አየችኝ። «ልክ ነው የመለስኩት?» አለች።

ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ክትትሌ እዚሁ ሰፈራችን፣ ዓለም ባንክ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ግን ኢሊሊ አለች፣ ከኳየር። ስለዚህ ዘነበወርቅ በኩል አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ሚኒባሱ ላይ እግሬን ማንሳት አቅቶኝ ወረፋው ቆመ። «እናትየው፣ ይውጡ እንጂ!» አለኝ ረዳቱ። እናትየው... አንዱ ሰውዬ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

አዋላጇ ጠና ያለች ሴት ናት። ጋደም አደረገችኝ፣ እዚህ ጋ? እዚህስ? እያለች ነካካች። ብድግ አልኩ።

«የዳሌ አጥንት ከፊት የሚገጥምበት ቦታ ነው። በእርግዝና ይላላል። ለልጁ አያሰጋም፣ አንቺን ነው የሚያሰቃይሽ። በፊተኛው ነበረብሽ?»

«ነበረብኝ።»

«አዎ፣ እንዲህ ያለው በሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መቼ ተወሽ?»

«ስወልድ... ጸልየውልኝ ነው።»

«ብዙዎቹን ከወለዱ በኋላ ይተዋቸዋል» አለች። በክፋት አይደለም። እየጻፈች ነው ያለችው።

ቀጥላ የነገረችኝን ግማሹን አልሰማሁም። ስትተኚ ትራስ በጉልበቶችሽ መሃል። ቁጭ ብለሽ ልበሺ። አጭር አጭር እርምጃ። ከባድ አታንሺ፣ ፔዳሉንም ተዪው። የዳሌ ቀበቶ ግዢ፣ ፊዚዮቴራፒ ሂጂ።

ፌርማታው ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ የኖርኩበት ተአምር ለእሷ የየዕለት ሥራዋ ነው። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። በእሷ? በራሴ? ... ጌታ ሆይ፣ በአንተም ትንሽ። የሚያልፈውን ሕመም የሚያሳልፈው አንተ አይደለህም እንዴ? ነህ። እሱን አምናለሁ። ታዲያ ለምንድነው እኔ ያልሰጠኸኝን ተስፋ ለሕዝብ ያደልኩት?

ጫልቱ ወረቀቷን ምን አደረገችው ይሆን?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ቀበቶው ጥሩ ነው። ከሰፊ ቀሚስ ሥር አይታይም። ይህንንም ደበቅኩት ማለት ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ጫልቱ ወድቃለች።

እትዬ ከበደች ናቸው የነገሩን። ግቢው ካለው ቧንቧ ውኃ በባልዲ ስታመላልስ እግሯ ከዳት። ልጁ ደህና ነው ተብሏል። እሷ ግን መነሳት አልቻለችም።

ከጸሎት በቀጥታ አራት ሆነን ሄድን። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። የለበሰችው ቀሚስ የከትናንት ወዲያው ነው፤ እግሯን አንስታ መቀየር አልቻለችም። ባሏ ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። ጎረቤት ሻይ አስገብቶላት ቀዝቅዟል።

እህቶች ተንበረከኩ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። መንበርከክ አልችልም፤ ብንበረከክም የሚያነሳኝ ሰው እፈልጋለሁ። እትዬ ከበደች በጸሎቱ መሃል ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። መልሰው ጨፈኑ።

ስንወጣ ጫልቱ እጄን ያዘች። «እህት ሚሚ፣ እኔ እምነት የለኝም መሰለኝ። እርስዎ ተፈወሱ። እኔን ምን ጎደለኝ?»

ወረቀቱስ ልላት ነበር። ሦስቱ በሩ ላይ ይጠብቁኛል። «አይዞሽ» አልኳት።

አይዞሽ! ሌላ ቃል ጠፍቶ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ብቻዬን ተመለስኩ። ከፌርማታው እስከ ቤቷ አምስት ጊዜ ቆሜያለሁ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ጫልቱ፣ እኔንም ያመኛል። ከጥቅምት ጀምሮ። እጄን ስጭንብሽም እያመመኝ ነበር።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ቀበቶውን አሳየኋት። ታልቅሳለች ብዬ ነበር፣ ታቅፈኛለች ብዬም... እውነቱን ለመናገር ትጽናናለች ብዬ ነው የሄድኩት። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ወረቀቱን ቀደድኩት» አለች። «አንቺን አይቼ ነው የቀደድኩት። ሐኪም ቤት ብሄድ እምነት የላትም ትለኛለች ብዬ። ሥራም ሄድኩ። በየቀኑ ጎንበስ ብዬ ሳጥብ፣ ተፈውሻለሁ፣ ተፈውሻለሁ እያልኩ!» እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሂጂልኝ።»

ለእሷ ገዝቼ በጨርቅ የጠቀለልኩትን ሁለተኛ ቀበቶ ራስጌዋ አስቀምጬ ወጣሁ። እኛው ጤና ጣቢያ ሄጄ ሌላ ሪፈር እንዲጻፍላት ጠየቅኩ። እራሷ ካልመጣች አይሆንም አሉኝ። ትክክል ናቸው። ኢሊሊ አካሄዴን አየች። ትየኝ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ምስክርነት ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። መድረኩ አራት ደረጃ አለው፣ አልወጣሁም። ማይኩን ወንበሬ ድረስ አመጡልኝ። ተቀምጬ ተናገርኩ።

የተናገርኩትን እንዳልረሳው ልጻፈው። «ከሰባት ዓመት በፊት ጌታ ረድቶኛል፣ ያ እውነት ነው። ዳግመኛ አይመለስም ያልኩት ግን ከራሴ ጨምሬ ነው። ተመልሷል። ከወር በላይ ደበቅኳችሁ። አሁንም ያመኛል። አንዲት እህት እኔን አይታ የሐኪም ወረቀቷን ቀድዳለች። ሌላ ወረቀት የያዘች ካለች በእኔ ምክንያት እንዳትቀድደው።»

አንድ ሰው «አሜን» ሊል ጀመረና ተወው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጨንቆት ነው መሰለኝ ዝም ብሎ አንድ ቁልፍ ነካ። ፓስተሩ «እህታችንን በጸሎት እናስባት» አለና ወደ ስብከቱ ገባ።

እትዬ ከበደች ሲወጡ በሌላኛው በር ወጡ። ከራዕይ ጋር ብቻችንን ቆመን ታክሲ ጠበቅን። «እማዬ፣ አሁን መንገር ይቻላል?» አለችኝ። ይቻላል አልኳት። ታክሲ ውስጥ ከጎኗ ላለችው ሴትዮ ወዲያው ነገረቻት።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ተራው የእኔ ቤት ነበር። ዙሀራ ዕቃ አነሳስታልኝ፣ ወንበር ደርድራልኝ ወረደች። ዳቦ ገዛሁ፣ ሻይ በፔርሙስ ሞላሁ። ስምንት ሰዓት። ስምንት ተኩል። ዘጠኝ።

ማንም አልመጣም። የደወለም የለም።

ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሁሉም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። አሥር ሰዓት ላይ ራዕይ መጥታ የሰባት ሰው ዳቦ አየች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። እውነት መናገር ያቀላል ሲሉ እሰማ ነበር... እኔ እንጃ። ዛሬ ከበደኝ። ስደብቅ ቢያንስ ሰው ቤቴ ይመጣ ነበር።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

እትዬ ከበደች ደወሉ። ሰላምታ የለም።

«እኔ እናትሽ አልነበርኩም? ሕዝብ ፊት ከመውጣትሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ፈርቼዎት ነው።»

«እኔን?»

እንደገና «እኔን?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሂሳብ አልቆባቸው ይሆን? አይመስለኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ለባሮክ ነገርኩት። ጉብታው ላይ ነፋስ ነበር። «ወር ተኩል ሙሉ ደህና ነኝ ስትይኝ ነበር» አለ። «አዎ» አልኩ። ተቆጣ። ሊቆጣም ይገባዋል። ከዚያ «አሁን የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከአዋላጇ ሌላ የለም። እየነገርኩት ሂሳቡ አለቀ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ለመቅረት አስቤ ነበር። ሄድኩ።

አምልኮ ሲጀመር አልተነሳሁም። የመጀመሪያዬ ነው። ተቀምጠው ሲያዩት አዳራሹ ሌላ ነው፤ ሁሉም ጀርባ ነው። በዚያ መሃል የተቀመጡ ሰዎች ታዩኝ። ከኋላ ጥግ አንድ ሽማግሌ። እጇ የታሰረ ልጅ። ፊቷን የማላውቃት አንዲት ሴት። ስንት ዓመት አብረን ስናመልክ ኖረናል? ቆሜ ሳለሁ አይቻቸው አላውቅም።

ሁለተኛው መዝሙር ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጫልቱ። ጉልበቶቿን ገጥማ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሰላም አላለችኝም። ፊት ለፊት እያየች «አዲስ ወረቀት አስጻፍኩ። ፊዚዮቴራፒም ሁለቴ ሄድኩ» አለች።

«ተሻለሽ?»

«ትንሽ።» ቆይታ ደግሞ «አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች።

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ስብከቱ እስኪያልቅ አልተነሳችም፤ ወንበሯንም አላራቀችም።

ሕዝቡ ሲወጣ እኛ መጨረሻ ቀረን። በሩ ጋ ስንደርስ ጫልቱ ወደ ታች አየች። «የጫማሽ ክር ተፈቷል።»

«አየሁት።»

«እሰሪው፣ ይጥልሻል።»

«ጎንበስ ማለት አልችልም። አንቺስ?»

አሰበችበት። «እኔም።» ተያየን፣ ከዚያ ሳቅን። መሳቁ ደግሞ ያማል፤ እያመመንም ሳቅን። እስክንወልድ እዚያ በር ላይ ቆመን ልንቀር ነው።

እትዬ ከበደች ከውጭ ነበሩ። መጡ። ሁለታችንንም አዩን፣ ጫማዬን አዩ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

«ኧረ እትዬ! በጌታ ይነሱ!»

«ዝም በይ። እግርሽን አምጪ።»

ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሰው እያለፈ ያያል። ፊታቸውን ቀና አላደረጉም። ክሩን ሳብ አድርገው ጠበቅ አደረጉት፤ እግሬ አብጧል፣ ጉተታው እስከ ብሽሽቴ ወጣ። ጥርሴን ልነክስ ነበር፣ እንደለመድኩት።

«እትዬ፣ ያማል» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። ከዚያ ላላ አደረጉልኝ።